የሲታና በር

«ቅርንፉዱን አበዛሽው! ወላሂ አበዛሽው! ልጅቷ ሙሽራ ናት ወይስ ጥርሷን የታመመች?»

«አፍንጫሽን ከሙቀጫዬ ላይ አንሺልኝ! እኔን ሽቶ መቀመም ያስተማረችኝ እናቴ ናት። አንቺን ማን አስተማረሽ? ፍየሎችሽ?»

«ፍየሎቼ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ቢሸታቸው ያስነጥሳቸዋል!»

«እንግዲያው ሂጂና አብረሻቸው አስነጥሺ!»

«እሄዳለሁ! ማን ይዞኝ? ይህችን በር አንድ ቀን በጡብ አስደፍኜ እገላገልሻለሁ!»

«እኔ እቀድምሻለሁ! ጡቡን በራሴ ተሸክሜ ነው የማስደፍናት!»

ከገመድ አልጋው ሥር ተኝቼ የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። ሰፋፊዎቹ፣ ተረከዛቸው በሂና የጠቆረው የአያቴ የሐቦባ በቱል ናቸው። ቀጫጭኖቹ፣ ምንጊዜም አቧራ የማያጣቸው የጎረቤታችን የሲታና። አራቱ እግሮች በሙቀጫው ግራና ቀኝ ተፋጠው ቆሙ።

«አንድ ቀን ጉበትሽን አውጥቼ ነው የምበላው፣ በቱል!» አለች ሲታና።

«በየትኛው ጥርስሽ?» አለች ሐቦባ።

በኦምዱርማን በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ጉበቱ ገና ትኩስ ሳለ በሽንኩርትና በሎሚ በጥሬው ሲበላ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ዛቻው ለእኔ ዛቻ ብቻ አልነበረም። ሳህኑ፣ ሎሚው፣ ቢላው ሳይቀር ታየኝ። የሲታናን ጥቂት የቀሩ ጥርሶች አስቤ ትንሽ ተጽናናሁ።

ሲታና የምትከናነብበትን ረጅም ነጠላ፣ ቶቧን፣ በትከሻዋ ላይ ወርውራ ወደ ነፋጇ አመራች። ነፋጅ የምንላት ሴቶች መንገድ ሳይወጡ ከጎረቤት ጎረቤት እንዲሻገሩ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው ግንብ ውስጥ የምትተው ጠባብ በር ናት። መዝጊያ የላትም፤ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚታለፍባት። የእኛዋ ጠርዟ በሁለቱ ሴቶች ትከሻ ተፈትጎ እንደ ሳሙና ለስልሶ ነበር። ሲታና ልታልፍ ጎንበስ ካለች በኋላ ዞር ብላ፣

«ማሕላቡ አልቆብሻል፤ እኔ ጋ አለ» አለች፤ በዚያው በቁጣ ድምፅ።

«አልፈልግም!»

«ማን ጠየቀሽ?»

ወዲያው ሽቶው ውስጥ የሚገባውን የማሕላብ ፍሬ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ተመለሰች። ሙቀጫው እንደገና ይመታ ጀመር፤ ጭቅጭቁም ካቆመበት ቀጠለ።

አሁን የሚገርመኝ ሳህኑን ማየቴ ነው። ከአልጋው ሥር አንገቴን አውጥቼ በደንብ አይቼዋለሁ፤ እስከ ጠርዙ የሞላ ነበር። ግን በዚያ ዕድሜ የማምነው ጆሮዬን ነበር፤ ጆሮዬ ደግሞ የሰማው ጉበት ነው።

ጆሮውን የሚያምን በዚያ ቤት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ወላጆቼ ገዚራ ውስጥ በመምህርነት ተመድበው ስለነበር የማድገው በአያቶቼ ቤት ነው። ከሐቦባና ከባሏ ከጂዱ ባቢከር ሌላ ሁለት ያላገቡ ልጆቻቸው አብረውን ይኖሩ ነበር። አንዱ አጎቴ ሙታሲም ነው፤ ባንክ ቤት ሥራ የጀመረ፣ ሱሪውን ራሱ የሚተኩስ፣ ለሁሉም ነገር መፍትሔ አለው ብሎ የሚያምን። ሌላዋ አክስቴ ኢቅባል ናት፤ ረመዳን ሳይገባ የምትዳር፣ ያ ሁሉ ቅርንፉድ የሚወቀጥላት ሙሽራ።

በዚያ ምሽት ሁለቱ በውሃው እንስራ አጠገብ ቆመው ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ሐኪሙ ምን አለ? ከቁጣ ጠብቋት አይደለም ያለው?» አለ ሙታሲም። «የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ይቺ ሴትዮ ደግሞ በየቀኑ ደሟን ታፈላዋለች።»

«ዛሬማ ጉበትሽን እበላለሁ አለቻት» አለች ኢቅባል። «ደግሞ እየሳቀች!»

«ትስቃለች?»

«ትስቃለች! የክፋት ሳቅ።»

ሙታሲም ራሱን ነቀነቀ። «ራሷ እማዬስ በሩን አስደፍነዋለሁ ያላለችበት ቀን አለ? አቅም አጥታ ነው እንጂ። ታዲያ እኛ ልጆቿ ለምንድን ነን?»

«እኔም ጡብ አቀብላለሁ!» አልኩ ከእንስራው ኋላ ወጥቼ።

ኢቅባል ደረቷን ያዘች። «አንቺ ልጅ፣ ከየት ነው የምትበቅይው? ስሚኝ ቱማዲር፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!»

አላልኩም። የሐቦባን ጉበት የሚያድን ምሥጢር መያዜ በጣም ነበር ያኮራኝ።

ምቹው ቀን ለመምጣት አልዘገየም። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ውስጥ፣ አንዲት የድሮ ወዳጃቸው ሞታ ሐቦባና ሲታና በአንድ ታክሲ ለቅሶ ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ማን ይቀመጥ በሚል ሲጨቃጨቁ ታክሲው ጥጉን እስኪታጠፍ ድረስ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

«አየሽልኝ?» አለ ሙታሲም ለኢቅባል። «ለቅሶ ሲሄዱ እንኳን!»

በአንድ ታክሲ መሄዳቸውን ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ጂዱ ባቢከር ከሰዓት በኋላውን ገበያው ዳር ከጓደኞቹ ጋር ዶሚኖ ሲጫወት ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ግንበኛው መጥቶ ሲሠራ የሚከለክል አልነበረም። እኔ ውሃ አመላለስኩ፤ ጭቃም ረገጥኩ። ሲያልቅ ሙታሲም ራሱ ኖራ ቀባው። አሮጌው ግንብ ቡናማ ነበርና አዲሱ ሥራ የበር ቅርጽ እንደያዘ ነጭ ሆኖ ቀረ። ኢቅባል ራቅ ብላ አይታው፣ «እንደ መስኮት ያምራል» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታክሲው ተመለሰ። ሲታና ቤቷ የምትገባው ምንጊዜም በእኛ ግቢ አቋርጣ ነበር፤ እንደ ልማዷ ከሐቦባ ጋር ገባች።

«ሩዙ ጨው የለውም ነው የምልሽ!»

«ጨው አለው! ያረጀው ያንቺ ምላስ ነው!»

እንዲህ እየተባባሉ ከግንቡ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ደረሱ። ሲታና ነፋጇ ጋ ሳትደርስ ከልማዷ የተነሳ አንገቷን ጎንበስ አደረገች። ከዚያ ቆመች።

ኖራው አልደረቀም ነበር። እጇን ዘርግታ ነካችው፤ ጣቷ ነጭ ሆነ። ጣቷን አየች፤ ቀጥላ ሐቦባን አየች። ሐቦባ ሙታሲምን አየች። ሙታሲም ስጦታ እንደሰጠ ሰው ፈገግ ብሎ ቆሟል።

«አላህ ይባርክላችሁ» አለች ሲታና። «ጥሩ ሥራ ነው።»

ቶቧን ራሷ ላይ አስተካክላ በመንገዱ በር ወጣች።

እኔ ጩኸት ነበር የጠበቅኩት። ሳይመጣ ሲቀር ያሸነፍን መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። ሲታና ነበረች። የገዛ ቤቷ የመንገድ በር ከውስጥ ከተቀረቀረ ዓመታት አልፈውታል፤ መቀርቀሪያው ዝጎ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። ቤቷ መግቢያ አጥታ መንገድ ላይ ቆማለች። ሙታሲም ምን ያድርግ? ሱሪውን ሰብስቦ ያስገነባውን ግንብ ተንጠላጥሎ ወጣ፤ በዚያ በኩል ፍየሎቹ መካከል ዘፍ ሲል ሰማነው። መቀርቀሪያውን በድንጋይ እየደበደበ ሲከፍት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ሲመለስ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ኖራ ለብሶ ነበር። እኔና ኢቅባል በሳቅ ፈረስን። ሐቦባ አልሳቀችም። ውዱእ አድርጋ ለሶላት ቆመች፤ ረጅም ሶላት ነበር።

በማግስቱ ጧት ጂዱ ባቢከር የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ግቢው መሐል ቆመና ግራ ቀኝ ተመለከተ። ጆሮው ከባድ ነው፤ ሬዲዮኑ ካልጮኸ አይሰማውም።

«በቱል» አለ፣ «ማን ሞተ?»

«ያቺ ትናንት ለቅሶዋ የሄድንላት ናታ።»

«እሷን አላልኩም። እዚህ ቤት ማን ሞተ?»

ሙታሲም እጁን ይዞ ወደ ነጩ ግንብ ወሰደው። ጂዱ ሻዩን እየጠጣ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንተ ነህ?»

«ለጤናዋ ብዬ ነው፣ አባባ። ሰላም እንድታገኝ።»

«ሰላም» አለ ጂዱ። ሻዩን ጨርሶ የቀረውን አተላ ግንቡ ሥር ደፋና ወጣ። መርቆ የሄደ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን እንደ እንግዳ ማረፊያ ጸጥ አለ። ሐቦባ የሚሰጣትን ሁሉ ትበላለች፤ ቢያንስም ቢበዛም «ይበቃኛል» ነው መልሷ። ውሃ ሳቀብላት «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» ትለኛለች፤ በፊት ግን «ዛሬ ነው ነገ የምታመጪው?» ነበር የምትለኝ። ሙታሲም ግፊት የሚለካ ጓደኛውን ቤት ድረስ ይዞ መጣ። ሰውዬው ጎማውን እየነፋ ሐቦባ ክንድ ላይ ጠበቅ አደረገውና ፊቱ በራ።

«ማሻአላህ! ወርዷል!»

«ምን አልኩ?» አለ ሙታሲም እየዞረ። «አባባ፣ ሰሙ? ወርዷል!»

«ሰማሁ» አለ ጂዱ። «የሬሳ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል።»

«እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?» አለች ኢቅባል ተቆጥታ። «ፊቷን አይመለከቱም? እንዴት ተረጋግታለች!»

ኢቅባል ዛሬ ሐቦባ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። በቅርቡ ይህን ሳነሳባት መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። «አዎ፣ የተረጋጋ ፊት ነበር» አለችኝ። «ዛሬ እንዲያ ያለ ፊት ባይ ሐኪም ነው የምጠራው።»

ሲታናም መምጣቷን አልተወችም፤ አመጣጧ ግን ተለወጠ። ዓርብ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመንገዱን በር አንኳኩታ፣ ጥሩውን ቶቧን ለብሳ ትመጣ ጀመር። ኢቅባል ሳሎን ታስገባታለች፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች፤ በእንግዳ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ታቀርብላታለች።

«እንዴት ሰነበቱ፣ ሐጃ በቱል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሐጃ ሲታና። እርስዎስ? ፍየሎቹስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ አላህ ያክብርልኝ።»

«ጭማቂው ጣፈጠዎት?»

«በጣም እንጂ። እጃችሁ ይባረክ።»

ከዚያ ሁለቱም የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። ሙታሲምና ኢቅባል በሩ ላይ ቆመው በደስታ ይተያያሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ጉበት የሚባል ነገር ተነሥቶ አያውቅማ። በእኛ አገር እንዲህ የሚከባበሩት ሊለያዩ የተቃረቡ ሰዎች ወይም ገና የተገናኙ እንግዶች መሆናቸውን የሚነግረኝ አልነበረም። የሚነግረኝ ቢኖርም የማምነው አይመስለኝም።

ነገሩ ሁለቱ አሮጊቶች አጉል ቦታ ላይ መያዛቸው ነበር። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲታና በሩን ሐቦባ ያስደፈነችው መሰላት፤ ስንት ጊዜ ዝታለች፤ ይኸው ፈጸመችው። ሐቦባ ደግሞ «ልጆቼ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብላ ልጆቿን ጎረቤት ፊት ማሳጣት አልሆነላትም። እናም አንዷ ሳትጠይቅ፣ ሌላዋ ሳትናገር ጭማቂ ይጠጡ ነበር።

አንድ ቀን ሐቦባን ጆሮዋን ነጩ ግንብ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ በጣቷ ጠራችኝ።

«ቱማዲር፣ ኒሙ ላይ መውጣት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ!»

«ውጪና ምን እንደምታደርግ ንገሪኝ።»

ጦርነቱ አላለቀም! ለሐቦባ ሰላይ መሆኔ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ተጋድሜ ወደ ሲታና ግቢ አየሁ።

«ተኝታለች!» አልኩ።

«በዚህ ሰዓት? በቀን?»

«አዎ። ግድግዳውን እያየች።»

«ምድጃዋስ? ይጨሳል?»

«አይጨስም። ድስቷ ተደፍቷል።»

ጠላት መዳከሙን ሰምታ ደስ ያላት መስሎኝ እየተቻኮልኩ ጨመርኩላት። «ፍየሎቹም ይጮሃሉ! ማንም አላለባቸውም!»

ሐቦባ ሙቀጫዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። የኢቅባል ሽቶ ቅመም ገና አልደቀቀም ነበር። ሰፌድ ላይ ዘረጋችውና ቅርንፉዱን ፍሬ በፍሬ እየለቀመች ማውጣት ጀመረች። እስኪመሽ ድረስ ስትለቅም ቆየች። እኔም ጎኗ ተቀምጬ ረዳኋት። አልበዛም ብላ የተሟገተችለትን ነገር ለምን እንደምታወጣው አልጠየቅኳትም፤ የሙሽራ ሽቶ አሠራር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በዚያ ሰሞን ማታ ሁላችንም ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን በተጋደምንበት ጂዱ እንዲሁ ለጨረቃዋ የሚናገር መስሎ፣

«ታጅ አልሲር ሊመጣ ነው ይባላል» አለ።

ታጅ አልሲር የሲታና አንድ ልጅ ነው። ፖርት ሱዳን ወደቡ ላይ ይሠራል። እናቱን ወስጄ ከእኔ ጋር አኑራታለሁ ሲል ዓመታት ሆኖታል፤ እሷ ግን «በቱልን ለማን ትቼ? ማን ይጣላታል?» እያለች ስትመልሰው ኖራለች።

«ይኸው በመጨረሻ እሺ ብላዋለች» አለ ጂዱ።

ሐቦባ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ተኝታለች።

«ጥሩ ነው እንጂ!» አለች ኢቅባል። «ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር። እማዬም ታርፋለች። ሳይዋደዱ መጎራበት ምን ይጠቅማል? እኔና ሰላሕ ይኸው ከታጨን ጀምሮ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም።»

«ገና መቼ ተዋወቃችሁና» አለ ጂዱ።

ሙታሲም ከአልጋው ቀና አለ። «አባባ፣ ሰው ከተናደደ ተናደደ ነው። ይጮሃሉ፣ ይሰዳደባሉ፤ ይህ ፍቅር ነው ሊሉን ነው?»

«እኔ ምንም ልላችሁ አይደለም» አለ ጂዱ። «ምሽቱ ጸጥ ብሏል፤ ልተኛ።» ግን ሲገላበጥ የገመዱ አልጋ ለረጅም ጊዜ ይንቋቋ ነበር።

ታጅ አልሲር የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እናቱን ይዞ ልሰናበታችሁ ብሎ በመንገዱ በር ገባ። ትልቅ፣ ዝምተኛ፣ ወደቡ ላይ ሲሠራ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነበር። በአንድ እጁ የራሱን ቦርሳ፣ በሌላው የእናቱን የቆርቆሮ ሳጥን ይዟል። ባቡሩ ምሽት ላይ ይነሣል። ሲታና ጥሩውን ቶቧን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ያንኑ የእንግዳ ወንበር ያዘች። ኢቅባል ጭማቂውን አቀረበች። ሁላችንም ነበርን፤ ጂዱ እንኳን ዶሚኖውን ትቶ ከዘራውን ተደግፎ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ያው መንገድ ነው እንግዲህ» አለች ሲታና።

«አላህ ያቅናው» አለች ሐቦባ።

«ፍየሎቹን ለወንድሜ ልጅ ሰጠኋቸው።»

«ደግ አደረጉ።»

ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሲታና ብርጭቆውን አስቀመጠች። መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት የጎረቤቱን ይቅርታ ሳይቀበል አይሄድም፤ የሄደም እንደሆነ መንገዱ አይቀናውም ይባላል። ሲታና ተነሥታ እጇን ዘረጋች።

«ሐጃ በቱል፣ ብዙ ዘመን ጎረቤት ነበርን። ያጠፋሁት ካለ ይቅር ይበሉኝ።»

የሚመለሰው መልስ አንድ ነው፤ ልጅ እንኳን ያውቀዋል። ሁላችንም ከንፈራችን ላይ ይዘነው ጠበቅን። ሐቦባ የተዘረጋውን እጅ አየች። የመንገደኛዋን ቶብ አየች፤ የቆርቆሮውን ሳጥን አየች።

«አልልም» አለች።

ኢቅባል ትሪውን ልትጥለው ነበር። «እማዬ!»

«አልልም! ይቅር አልልሽም! የት አባሽ ልትሄጂ ነው? ፍየልሽ የሰርግ ቶቤን በልታብኛለች! ይቅር አልልም! ጠርዙ ወርቀ ዘቦ የነበረውን!»

የሲታና እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወገቧ ላይ ሄደ።

«ቶብ? ያንን ጨርቅ ነው ቶብ የምትዪው? ፍየሏ ሳምንት ሙሉ ሆዷን ታመመች! እሱን እኔ ነኝ ይቅር የማልልሽ!»

«ባልሽ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ እየተራገጥሽ እንቅልፍ ነሥተሽኛል!»

«አንቺ ነሽ የነሣሽኝ! አጠገቤ ተኝተሽ ስታንኮራፊ አልቅሼ እንኳን እንዳይወጣልኝ! የገዛ ባሌን እንዳላለቅስ!»

«ግፊቷ!» ብሎ ሙታሲም ብድግ አለ። «ኢቅባል፣ ውሃ! አንቺ ያቺን ያዢ፣ እኔ ይቺን—»

የጂዱ ከዘራ ደረቱ ላይ አረፈበት።

«ቁጭ በል።»

«አባባ፣ ግፊቷ ይወጣል!»

«ይውጣ! ከወረደበት ይውጣ!»

«አንተማ አትናገር!» ሲታና ወደ ሙታሲም ዞረች፤ ጣቷ አፍንጫው ሥር ደረሰ። «ስትወለድ እናትህ በንዳድ ተይዛ ማን ነው ያጠባህ? እኔ ነኝ! ያጠባሁት አህያ አድጎ ግንብ ገነባብኝ!»

ይህን ለሙታሲም ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ዛሬም ድረስ፣ ሸበቶ አዛውንት ሆኖ፣ ሲታና ስትነሳ «የጡት እናቴ» ነው የሚላት፤ ያን ቀን ግን እንደ ቲማቲም ቀላ።

«አህያማ የኔ አህያ ነው!» አለች ሐቦባ። «ራሱ አቆመው፤ እኔ አዘዝኩት? ከእኔ ጋር ለቅሶ ቤት አልነበርሽም? ዓይን የለሽም?»

ሐቦባን አየች፤ ሙታሲምን አየች፤ እንደገና ሐቦባን አየች።

«አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ብሆንማ አስተካክዬ ነበር የማሠራው! ጠማማነቱን አታዪም?»

ሲታና ጥሩውን ቶቧን ከራሷ ላይ ገፍፋ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ከዚያ መሬቱ ላይ፣ ሐቦባ ምንጣፍ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ዘፍ አለች።

እኔ በሩ ኋላ ሆኜ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ። የጉበቱ ሰዓት ደርሷል ብዬ አመንኩ፤ ደግሞም ሁለቱም ሲያለቅሱ ይሰማኛል። በጣቶቼ መካከል አሾልቄ ሳይ ግን የሚያለቅሱት በሳቅ ነበር፤ ወይም የሚስቁት በለቅሶ። ይህን እስከ ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ድሮ አለመለየቴ ያስጨንቀኝ ነበር፣ አሁን አያስጨንቀኝም። ኢቅባልም ትሪዋን እንደያዘች ከአንዷ ወደ ሌላዋ ትመለከታለች፤ የምትይዘው ጠፍቷት።

«ተነሥ እንጂ!» አለው ጂዱ ሙታሲምን። «ድጅኖው ከኋላ ቤት ነው።»

ሙታሲም በተተኮሰ ሱሪው ድጅኖ ይዞ ግንቡን ሊንድ ሄደ። ሁለቱ አሮጊቶች ተደጋግፈው ተነሥተው ተከተሉት፤ እኛም ተከተልናቸው። የመጀመሪያው ጡብ ሲወድቅ አቧራው ኒሙ ድረስ ወጣ።

«ከላይ ጀምር!» አለች ሐቦባ።

«ከታች ነው የሚጀመረው! ከላይ ከጀመረ ራሱ ላይ ይወድቃል!»

«ይውደቅበት! ሲገነባ ማን ጠየቀው?»

«ደግሞ ሰፋ አድርጋት፣ አንተ ልጅ። ድሮም ጠባብ ነበረች።»

«እሷ ምን አደረገች? አንቺ ወፍረሽ ነው እንጂ!»

«እኔ? እኔ ወፍራም? ወላሂ፣ በቱል፣ ይሄ ዓይንሽ—»

ታጅ አልሲር ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቀርቶ ጭማቂውን ጨረሰ። የእናቱን የቆርቆሮ ሳጥን ከበሩ መንገድ አንስቶ ግድግዳው ጋ አስጠጋው። ሁለት የባቡር ቲኬት ከደረት ኪሱ አውጥቶ አያቸውና መልሶ ከተታቸው። ከዚያ የራሱን ቦርሳ ብቻ አንጠልጥሎ፣ ደጃፉ ላይ ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ የመንገዱን በር ከኋላው ቀስ አድርጎ ገጠመው።